«አገባሽ ነበር» በስፓኒሽ

ስፓኒሽ የተማርኩት ዋሽቼ ነው። ሮቤ ውስጥ ባንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቱ ስልኩን እያየ፣ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። አንዲት የስፔን አገር ተመራማሪ የሃረና ጫካን የዱር ቡና ለማጥናት ለአራት ወር ክፍል ልትይዝ ነው። እንግሊዝኛዋ ደካማ ስለሆነ ኦሮምኛና አማርኛ የሚያውቅ፣ ስፓኒሽም የሚሞክር አስተርጓሚ እንዲፈለግላት ጽፋለች።

«ባሌ ውስጥ ስፓኒሽ!» አለ ባለቤቱ። «ይቺ ሴትዮ ጤነኛ ናት?»

«እኔ እችላለሁ» አልኩት።

ምናልባት ሳቁ አናዶኝ ይሆናል። በስፓኒሽ የማውቀው ሰላምታና የሁለት ኳስ ቡድን ስም ብቻ ነበር። ደግነቱ ሴትዮዋ የምትመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ጎባ ውስጥ ልጅ ሆኖ ኩባ የተላከ፣ እዚያ አድጎና የእንስሳት ሕክምና ተምሮ የተመለሰ ሰው እንዳለ እሰማ ነበር። ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ የከብት መድኃኒት ይሸጣል ይላሉ። በእረፍቴ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በበግ መድኃኒት ካርቶን መሀል፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሽማግሌ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ስፓኒሽ ያስተምሩኛል?» አልኳቸው።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ከአንቺ በፊት ሦስት ሰዎች መጥተው ነበር። አንዱ ለቪዛ፣ አንዱ ለኳስ፣ አንዷ ለፍቅር። ሁለት ሳምንት የቆየ የለም። አንቺስ?»

«ለሥራ ነው። እችላለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ።»

«እሺ፣ ይሄኛው ይሻላል» አሉ። «ክፍያ አልፈልግም። አንድ ቀን ከቀረሽ ግን ሁለተኛ እንዳትመጪ።»

እንዲህ ተጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ስወጣ ሮቤ መናኸሪያ እሮጣለሁ፤ በስንዴው መሀል ጎባ እደርሳለሁ፤ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ግሥ እዘረዝራለሁ። ገበሬ ሲመጣ ትምህርቱ ይቋረጣል። ጋሼ መድኃኒቱን ሰጥተው፣ አጠቃቀሙን በኦሮምኛ ነግረው፣ ገበሬው ደጋግሞ እንዲልላቸው አስገድደው፣ ካቆምንበት ግሥ ላይ ይቀጥላሉ። እኔንም እንደ ገበሬው ያስደግሙኛል። በሰው ስህተት የሚደሰቱ ሰው ነበሩ። ስሳሳት «አይ፣ ይህንን ለበሬ ብነግረው ይገባው ነበር» ይላሉ። ስድብ መሆኑ እንጂ ሰዋስው መሆኑ ያኔ አልገባኝም።

አሁን ስለ እሱ ልናገር። ስሙን አልጠራም። ጎባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ የተስተካከለ፣ አንደበቱ ለስላሳ። ስምንት ዓመት ተዋደድን። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው «መቼ ነው?» ሲለኝ «ቤቱ ሲያልቅ» እል ነበር። ቤቱ ከሮቤ መውጫ ላይ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፤ መስኮትና በር የለውም። በስምንት ዓመት ውስጥ ርግቦች ገብተው ወልደው፣ ልጆቻቸውም ወልደውበታል። ለነሱ አልቆላቸዋል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ስምንት ዓመት አይፈጅብኝም ነበር። እናቴ ስትታመም «መኪና ቢኖረኝ እኔው እወስዳቸው ነበር» ይላል፤ በባጃጅ የወሰድኳት እኔ ነኝ። አባቴ ጡረታ ሲወጣ «ሰሞኑን ባይጨናነቅብኝ ድግስ አዘጋጅላቸው ነበር» አለ። ልደቴ ሲደርስ «ጎባ ውስጥ ጥሩ ጫማ ቢኖር እገዛልሽ ነበር» አለኝ። እኔም ጅሏ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ያልተሰጠኝን ስጦታ እየቆጠርኩ «እንዴት ያስብልኛል!» እያልኩ ለጓደኞቼ አወራለሁ። ጫማውን እንዳደረግሁት ሁሉ።

በሦስተኛው ወር ጋሼ አዲስ ነገር አመጡ።

«እስካሁን ግሡን ጭራውን እየቆረጥሽ ሌላ ስትቀጥዪለት ነው የቆየሽው» አሉ። «ዛሬ ቢላውን አስቀምጪው። ግሡን ሙሉውን ትወስጃለሽ፤ ጫፉ ላይ ኢያ ትለጥፊበታለሽ። አብላር፣ መናገር፤ አብላሪያ፣ እናገር ነበር። ኮሜር፣ መብላት፤ ኮሜሪያ፣ እበላ ነበር። ቢቢር፣ መኖር፤ ቢቢሪያ፣ እኖር ነበር። ሦስቱም ዓይነት ግሥ አንድ ጭራ ነው የሚያወጡት። ለእኔ ኢያ፣ ለአንተ ኢያስ፣ ለእሱም ለእሷም ኢያ፣ ለእኛ ኢያሞስ፣ ለእነሱ ኢያን። ሌላ አንድ አለ፤ ለእናንተ ኢያይስ ይላሉ ስፔኖች። እኔ ባደግሁበት አገር እንደዚያ የሚል ሰው የለም፤ ዝለይው። የሚያምጹ ግሦች አሉ፤ እነሱን ሌላ ቀን እንገርፋቸዋለን።»

«ቀላል ነው» አልኩ።

«ጭራው ቀላል ነው። ትርጉሙ ነው ሰው የሚገድለው። አማርኛ ሰነፍ ነው፤ በአንድ ነበር ሁለት ሸክም ይሸከማል። እበላ ነበር ብትዪኝ፣ ድሮ ትበዪ የነበረውን ነው ወይስ ብታገኚ የምትበዪውን? ስፓኒሽ ይለያቸዋል። ኮሚያ ካልሽ በልተሻል። ኮሜሪያ ካልሽ ጦምሽን ነሽ።»

ደጋግሜ ስል አንድ ገበሬ ገባ። ላሙ አልበላም እንዳለች፣ ሆዷ እንደተነፋ፣ ዓይኗ እንደፈዘዘ በረጅሙ አስረዳ። ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ በኦሮምኛ «ላሟ የት አለች?» አሉት።

«ቤት።»

«ብታመጣት አያት ነበር» አሉት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ላ ቤሪያ። ቤር፣ ማየት። ቤሪያ፣ አይ ነበር። ጻፊ» አሉኝ። ገበሬው «ላ ቤሪያ» ለላሙ የታዘዘ መድኃኒት መስሎት «እሱን ስጠኝ» አለ። ጋሼ ሳቅ አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ወደ መደርደሪያው ዞረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ገበሬው ላሟን ሊያመጣ እያጉረመረመ ሄደ።

በሚቀጥለው ትምህርት እጮኛዬ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ ሊወስደኝ ወደ ሱቁ መጣ። ጋሼን በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

«እኔም እማር ነበር፤ ጊዜ ባገኝ» አላቸው።

ጋሼ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ላም እንደሚመረምሩ ዓይነት ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እጮኛዋ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ዓመታችሁ ነው?»

«ስምንት ይሆነናል።»

«ለምን አላገባሃትም?»

«ቤቱ ቢያልቅልኝ አገባት ነበር።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ካሳር ማለት ማግባት ነው። እንዴት ትያለሽ?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ደብተሬን ዘጋሁ።

«አስተማሪሽ ነኝ፤ እየጠየቅሁሽ ነው።»

«ሜ ካሳሪያ» አልኩ።

«ጎበዝ። ካሳ ደግሞ ቤት ማለት ነው፤ ማግባትና ቤት በዚያ ቋንቋ አንድ ሥር ናቸው። እኛም ጎጆ ወጣ እንላለን። ስለዚህ ይህ ልጅ ቤቱ ካላለቀ የማያገባው በሰዋስው ምክንያት ነው።»

እሱ ሳቀ። የተሰደበ ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። መንገድ ላይ «አስተማሪሽ ተጫዋች ናቸው» አለኝ። እኔ በጋሼ ተናድጄ፣ ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሮቤ እስክንደርስ እሱ አራት ጊዜ «ነበር» አለ። ቆጠርኳቸው። ያልሆነውን «ነበር» ብቻ ነው የቆጠርኩት፤ የሆነ ነገር አላወራም። በማግሥቱ ወደ ጋሼ ተመለስኩ።

ሴትዮዋ በጥቅምት መጣች። ሃምሳ ያለፋት፣ ትልቅ ቡት ጫማ የምታደርግ፣ ስትናገር ቃላቱን እንደ ጤፍ የምታፈስ ናት። የሆቴሉ ባለቤት «ይቺ ናት ስፓኒሽ የምትችለው» ብሎ ፊቷ አቆመኝና ሊታዘበኝ አጠገቤ ቆመ። ጥቂት አወራን። ገረማት። ንግግሬ እንደ ኩባ አሮጊት ነው ብላ ሳቀች፤ የጋሼን አነጋገር ነው እንዳለ የቀዳሁት። ከዚያ አራቱን ወር ከእሷ ጋር እሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በትልቅ ኩራት «ትራባሃሪያ» አልኳት። እሠራለሁ ማለቴ ነበር።

እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ። «ትራባሃሪያስ... ሲ?» አለች።

በስፓኒሽ «ሲ» ማለት አዎ ማለት ነው። አዎ ነው? ያለችኝ መሰለኝ። «ሲ፣ ሲ!» አልኳት፤ አዎ፣ አዎ።

አሁንም ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። የሆቴሉ ባለቤት ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየ። ለካ ሌላኛው «ሲ» ነው፤ «ከሆነ» የሚለው። «እሠራ ነበር» ብያት «ምን ቢሆን?» እያለችኝ ነው። ሴትዮዋ ነገሩ ሲገባት ጠረጴዛውን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ «ትራባሃሬ» አለችኝ፤ እሠራለሁ። አንዲት ጭራ ነበረች የተሳሳትኳት። ደገምኩት። ተቀጠርኩ።

ተዋረድኩ። ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መዝገብ ላይ እንግዳ እየጻፍኩ አንድ ነገር ወጋኝ። ይህች የማታውቀኝ ሴት አንድ «ነበር» ስትሰማ እስክሪብቶዋን አቁማ «ምን ቢሆን?» ብላ ጠየቀች። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰምቼ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

በኅዳር ወደ ሃረና ወረድን። ከጎባ ተነስተን የሳነቴን ደጋ ስናቋርጥ ሴትዮዋ በብርድ ተሸፋፍና ቀይ ቀበሮ ካላየሁ ብላ አሥር ጊዜ መኪና አስቆመች። ከዚያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጫካው ዋጠን። ለሦስት ሳምንት ከአንድ መንደር ወደ ሌላው እየሄድን የዱር ቡና የሚለቅሙ ሰዎችን አነጋገርን። ሴትዮዋ ቅጠል ትለካለች፣ አፈር በከረጢት ትይዛለች፣ ትጠይቃለች። እኔ ከስፓኒሽ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ስፓኒሽ እገለብጣለሁ።

በመጨረሻው መንደር አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ጢም፣ በእጃቸው መቁጠሪያ። የለቃሚዎቹ ተሰሚ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ጫካውን አሳይተውናል። ስንሰናበት ሰዎቹ ተሰበሰቡና ሽማግሌው ተናገሩ።

«ከአንቺ በፊት ብዙ ሰው መጥቷል» አሉ። «ፈረንጅም፣ ከአዲስ አበባም። ቅጠላችንን ይዘው ሄዱ። የተማሩትን ግን አልነገሩንም። አንቺስ? ያገኘሽውን ልትነግሪን ትመለሻለሽ?»

ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሙሉ ልቧ መለሰች፤ «ኖስ ጉስታሪያ ቦልቤር።» ወደ እናንተ መመለስ ደስ ይለን ነበር። ጨመረችበትም፤ እንረዳችሁ ነበር፣ አንድ ቀን በኦሮምኛ እንጽፈው ነበር። ሦስት ኢያ በአንድ ትንፋሽ።

ቀላሉ መንገድ ይታወቃል። «ትመለሳለች፣ ትረዳችኋለች» ብል ሁሉም አጨብጭቦ ይመርቃት ነበር። አስተርጓሚ ሁሉ እንደዚያ እንደሚያደርግ አሁን አውቃለሁ፤ መንደሩ ውስጥ የተከመረው ባዶ ተስፋ ግማሹ የአስተርጓሚ ሥራ ነው። እኔ ግን ኢያን ለመማር ካርቶን ላይ ተቀምጬ ስሰደብ ነው የከረምኩት።

«አባቴ» አልኳቸው በኦሮምኛ፤ «እመለሳለሁ አላለችም። መመለስ ደስ ይለን ነበር ነው ያለችው። እረዳችኋለሁ አላለችም። እንረዳችሁ ነበር ነው ያለችው።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ፍሬ አሳለፉ። «ምን ቢሆን?» አሉ።

ይኸው፣ እሳቸውም ጠየቁ! ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ወዲያው ጠየቁ። ወደ ሴትዮዋ ዞሬ «ሲ?» አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ትንሽ አሰበችና የሚልኳት ሰዎች ለሁለተኛ ዓመት ከፈቀዱላት እንደሆነ ነገረችኝ። እርግጠኛ አይደለችም። ከዚያ ትከሻዋን ሰብቃ «ኦሃላ» አለች።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «አላህ አለች?»

ጠየቅኋት። ቃሉ ድሮ ዐረቦች ስፔንን ሲገዙ የቀረ እንደሆነ፣ አላህ ከፈቀደ እንደ ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። ስተረጉምላቸው ሽማግሌው ጉልበታቸውን መቱ።

«ይህንንስ ያለ አስተርጓሚ ሰማሁት! በይ፣ ኢንሻአላህ። ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ከመጡት ሁሉ ያልዋሸችን እሷ ናት። እመለሳለሁ ያሉት አልተመለሱም። ይቺ ላልመለስ እችላለሁ ብላ ሄደች። እኛም አንጠብቃትም፤ ብትመጣ ግን ቡና አለን።»

ጎባ ስመለስ ታሪኩን ለጋሼ ነገርኳቸው። እንደሚያደንቁኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን የእጃቸውን ጣት ማየት ጀመሩ።

«እኔ በነበር ማንንም በድዬ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «የበደልኩት በትንቢት፣ በ‹አደርጋለሁ› ነው። ኩባ በነበርንበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። ቤተሰብ ከኛ እንደራቀ ስታውቅ እኔን እንደ ልጇ ያዘችኝ። ታምሜ ስተኛ አጠገቤ ተቀምጣ ታድራለች። ወደ አገሬ ስመለስ ወደብ ድረስ ሸኘችኝ። ቴ ኤስክሪቢሬ አልኳት። እጽፍልሻለሁ። እጽፍልሽ ነበር አላልኳትም፤ እጽፍልሻለሁ! አንድ መስመር አልጻፍኩም። መጀመሪያ ሥራ በዛ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ አድራሻው ጠፋ። ስንት ዓመት ፖስታ ቤት እንደተመላለሰች ማን ያውቃል? ነበር ያለሽ ሰው እኮ አላደርገውም ብሎ ነግሮሻል። አደርጋለሁ ያለው ነው ሌባው።»

በሕይወቴ ጋሼን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፌዝ ሲናገሩ ሰማኋቸው። አንድ ገበሬ ገብቶ የፍየል መድኃኒት ጠየቀና አዳነን።

ሚኒባስ ውስጥ ስመለስ ንግግራቸው አልለቅ አለኝ። ሰሞኑን እጮኛዬን ስወቅሰው ነበር፤ ሰውዬው ግን አልዋሸኝም። አንድ ቀን እንኳን «አገባሻለሁ» አላለኝም። «አገባሽ ነበር» እያለ በየሳምንቱ እንደማያገባኝ ነግሮኛል። «ነበር»ን ቆርጬ ጥዬ የቀረውን ትዳር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለእሱ ያለኝ ንቀት ግማሹ ወደ ራሴ ዞረ። ግማሹ ግን እዚያው ቀረለት፤ አይበዛበትም።

ቅዳሜ ዕለት ሆቴሉ ደጅ መጣ። ግቢው ውስጥ ተቀመጥን፤ ሻይ አዘዘ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «አንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ። ስለኛ። ነበር የሌለበት።»

ሳቀ። «ስፓኒሽ መሆኑ ነው?»

«በአማርኛ። ኦሮምኛም ይሆናል። ነበር አይኑርበት።»

ሻዩን አማሰለ። «እወድሻለሁ።»

«ይህንን አውቃለሁ። ሌላ። ስለምታደርገው ነገር።»

አማሰለ፣ አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «አየሽ፣ የሲሚንቶ ዋጋ ባይጨምር...» አለና ቆመ። ራሱም ሰማው። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስከ ዛሬ ትንሽ ያሳዝነኛል፤ ጨለማ ውስጥ ግድግዳ የነካ ሰው ይመስል ነበር።

«በቃ» አልኩት። «አላገባህም። ይኸው፣ ምንም ቢ የለበትም።»

«እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ?» አለ። «ቤቱ እኮ መስኮት ብቻ ነው የቀረው!»

«ለርግቦቹ ብርድ እንዳይሆንባቸው ግጠምላቸው» ብዬ ተነሳሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ደጃችን ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆሙ። ስምንት ዓመት ሙሉ እናቴ ይመጣሉ ብላ ሳሎኑን ስታሰናዳ የኖረችላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ልጅቱን ስጡን ሊሉ አልመጡም ነበር፤ የመጡት ሊያስታርቁ ነው። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ አስቀመጣቸው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ እሰማለሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን እጅግ አዝኗል። ልጅቱ ትንሽ ብትታገሠው ኖሮ...»

«ይቅርታ» አለ አባቴ። ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ ቃል ያያል። «ያገባት ነበር ሊሉ ነው? ታግሣዋለች። ያለፈውን ተዉት። ከዛሬ በኋላ ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌው ጓደኞቻቸውን አዩ። «ቤቱን ቢጨርስ...»

«ቢ ይቅርብን።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ቸኩለው ገቡ። «ያገባታል! በሁለት ወር ውስጥ ያገባታል። እኛ ዋስ ነን።»

አባቴ ወደ መጋረጃው ዞረ። ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ስምንት ዓመት ጓጉቼ ነበር። ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም። ግን ቃሉ የወጣው ከሌላ ሰው አፍ ነው። እሱ ራሱ ይህንን ቃል አልተናገረም፤ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ አፍ ተከራይቶ ነው ያስነገረው። ጋሼ ስለ ሌባው የነገሩኝ ትዝ አለኝ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «አባቶቼ፣ ስለ መጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው። «እኔ ግን አላገባውም።»

«ልጄ፣ ነገ ይቆጭሻል» አሉ ትልቁ።

«ሊቆጨኝ ይችላል» አልኳቸው።

የጀበና ቡና እንኳን ሳይቀምሱ ሄዱ። እናቴ ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ለሰው «ስፓኒሽ ነው ያበላሻት» አለች። ሮቤ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይህ ወሬ ሆነ። ፈረንጅ አግብታ ልትሄድ ነው ያሉም አልጠፉም፤ አብራኝ የምትሠራው ፈረንጅ ሴት መሆኗ እንኳን አላገዳቸውም። እሱ በሚቀጥለው ዓመት አገባ። ቤቱ መስኮት ተገጠመለት? አላውቅም፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ አያለሁ። ሚስቱን አንድ ቀን ገበያ አየኋት። ጫማዋ አዲስ ነበር። ራሷ እንደገዛችው ተስፋ አደርጋለሁ።

ጋሼ አሁንም ሱቃቸው ውስጥ አሉ። ለዚያች ለኩባዋ ሴት ደብዳቤ እንጻፍ ብያቸው ነበር፤ ተቆጡኝ። ከወር በኋላ ግን ወረቀት አውጥተው «ኬሪዳ» ብለው ጀመሩ፤ ውድ እመቤቴ እንደ ማለት ነው። ከዚያ አላለፉም። አልጠየቅኋቸውም።

ስፔናዊቷ ፈቃዱ መጣላት። በሁለተኛው ዓመት ስትመለስ የለቃሚዎቹን ማኅበር እንድረዳና ያገኘችውን በኦሮምኛ እንዳስረዳላቸው ከጫካው በታች ደሎ መና ከተማ ቤት እንድከራይ ጠየቀችኝ። የሆቴሉን ሥራ ለቅቄ በአይሱዙ ዕቃዬን ጭኜ ወረድኩ። ቆላው ሞቃት ነው፤ ሹራቤን ሳነቴን አልፌ ስወርድ አውልቄ ዳግም አላጠለቅሁትም።

ያከራየችኝ ባልቴት በሩን ከፍታ ከመግባቴ በፊት «ባል አለሽ?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«ልጅ?»

«የለኝም።»

«ምን አለሽ ታዲያ?»

አሰብኩ። «ሥራ አለኝ» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ደህና» አለች። «ቧንቧው የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ጀሪካኑ ያውልሽ፣ ሰልፉ ሳይረዝም ሂጂ።»

ዕቃዬን እዚያው በር ላይ ጥዬ ጀሪካኑን አነሳሁ።